የቴሌቪዥን ዜና ጋዜጠኛ መሆን ለምትፈልጉ፦ ከሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ እስከ ስቱዲዮ ወንበር

ምክር ፈልገው ወደ እኔ የሚመጡ ወጣቶች አብዛኞቹ «ዜና አንባቢ መሆን ነው የምፈልገው» ይሉኛል። የማታ 2 ሰዓት ዜና እያዩ ያደጉ ልጆች ናቸው፤ ያንን ወንበር ቢመኙ አይገርመኝም። እኔ ግን አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ። «ትናንት ማታ ከሰማሃቸው ዜናዎች አንዱን ምረጥ። ሪፖርተሩ አንተ ብትሆን ኖሮ ማንን፣ ምን ብለህ ትጠይቅ ነበር?» ለዚህ መልስ ያለው ልጅ ሥራውን ጀምሮታል። መልስ የሌለው ደግሞ ይለመዳል፤ አይዟችሁ።

የምጽፈው መሐል አዲስ አበባን እያሰብኩ ነው። ፓርላማው አራት ኪሎ፣ ፍርድ ቤቱ ልደታ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ፒያሳ፣ የአፍሪካ ኅብረት ከሜክሲኮ ወረድ ብሎ። ለጀማሪ ሪፖርተር ይህ ሁሉ በአንድና በሁለት ታክሲ የሚደረስበት ከተማ ትልቅ ዕድል ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ራሱ በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር ስቱዲዮው እዚያው ማዘጋጃ ቤት ሕንጻ ውስጥ ነበር። ለብዙ አሥርት ዓመታት በር የሚባለው እሱ አንዱ ብቻ ነበር። አሁን በሮቹ በዝተዋል፤ የመንግሥትም የግልም ጣቢያ አለ።

አንደኛ፦ ትምህርቱ

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ትምህርት ቤት አለ፤ በክልል ዩኒቨርሲቲዎችም ይሰጣል። መግባት ከቻላችሁ ግቡ። ካልቻላችሁ ግን በሩ አልተዘጋም። የሥራ ማስታወቂያዎች ብዙ ጊዜ «በጋዜጠኝነት፣ በቋንቋ፣ በሥነ ጽሑፍ ወይም በተመሳሳይ የትምህርት መስክ» ይላሉ። እኔ እንዲያውም ኢኮኖሚክስ ወይም ሕግ ተምሮ መጻፍ የሚችል ልጅ ሲመጣ ደስ ይለኛል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ሲጀምር የበጀቱን ሰነድ ገልጦ የሚያነብ ሰው በዜና ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ ይፈለጋል። ጋዜጠኝነት እየተማራችሁ ከሆነ አንድ ሌላ ነገር በጎን ያዙ፤ ሒሳብ አያያዝ፣ ጤና፣ ግብርና፣ የፈለጋችሁትን።

ሁለተኛ፦ አማርኛችሁን ለጆሮ አዘጋጁ

እዚህ ላይ ትንሽ ቆዩልኝ። ብዙ ሰው «አማርኛ አፌን የፈታሁበት ነው» ብሎ ያልፈዋል። የጋዜጣ አንባቢ ያልገባውን ዓረፍተ ነገር ተመልሶ ያነበዋል። የቴሌቪዥን ተመልካች ይህ ዕድል የለውም። ወጥ እያማሰለ ነው የሚሰማችሁ።

የአማርኛ ግሥ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ዓረፍተ ነገሩ ከረዘመ ሰሚው ምን እንደተደረገ ሳያውቅ ብዙ ቃል ተሸክሞ ይጠብቃል። መግለጫ ላይ የሚታደሉትን ወረቀቶች እዩ፤ አጻጻፋቸው እንዲህ ነው፦

«የነዋሪዎችን የመጠጥ ውኃ ፍላጎት ለማሟላት በሚደረገው ርብርብ ባለድርሻ አካላትን በማሳተፍ እየተከናወኑ ከሚገኙ ሥራዎች መካከል አንዱ የሆነው የጉድጓድ ቁፋሮ በአመርቂ ሁኔታ እየተከናወነ እንደሚገኝ ተገለጸ።»

ማን ገለጸው? ስንት ጉድጓድ? ለማን? መቼ ያልቃል? አንዱም የለም። አሁን ይህንን እዩ፦

«አዲሶቹ ጉድጓዶች ሦስት ናቸው። ሁለቱ ተቆፍረው አልቀዋል። ሦስተኛው ሲያልቅ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ውኃ የሚያገኙ ሰፈሮች ሁለት ቀን እንደሚያገኙ የፕሮጀክቱ ኃላፊ ነግረውናል።»

ሁለቱም ለምሳሌ የጻፍኳቸው ናቸው። ልዩነታቸው ግን የቋንቋ ውበት ብቻ አይደለም። ሁለተኛውን ለመጻፍ ሰውየውን መጠየቅ የግድ ነው፤ ወረቀቱ ላይ የለማ። ስለዚህ «ርብርብ»፣ «ባለድርሻ አካላት»፣ «አመርቂ»፣ «ተገለጸ» የሚሉ ቃላት ስክሪፕታችሁ ላይ ሲመጡ ቆም በሉና ራሳችሁን መርምሩ። ብዙ ጊዜ እዚያ ቦታ ላይ ያልጠየቃችሁት ጥያቄ አለ።

ቀጥሎ ማጥበቅና ማላላት ነው። ፊደላችን ይህን አያሳይም። «ገና» ላልቶ ሲነበብ «ገና አልደረሰም» ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ የልደት በዓል ነው። «ይመታል» ላልቶ ሲነበብ መቺው ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ተመቺው። ዜና ላይ ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም። ስክሪፕቱን አትሙና ጠብቆ የሚነበበው ፊደል አናት ላይ በእስክሪብቶ ነጥብ አድርጉ። ከዚያ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ሁለት ጊዜ አንብቡት። የሰው ስምና የቦታ ስምም እንዲሁ ነው፤ ባለቤቱን ወይም የአካባቢውን ተወላጅ ጠይቁ። የትውልድ ቀበሌውን ስም አበላሽታችሁ ስትጠሩ የሚሰማችሁ ሰው የቀረውን ዜናም አያምናችሁም።

ቀንና ሰዓትም አለ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ከፈረንጆቹ ጋር ያለን ልዩነት 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ 8 ይሆናል። ጀማሪ ሳለሁ አንድ ድርጅት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ጥሪ ላከልን። 2:00 ይላል፤ ጧት ይሁን ከሰዓት አይልም። እኔ የእኛ 2 ሰዓት መስሎኝ ካሜራማኑን ይዤ ማለዳ ደረስኩ። አዳራሹ ተቆልፏል። ለካ ስብሰባው ከቀኑ 8 ሰዓት ኖሯል። ከሰዓት መኪናዋ ለሌላ ሥራ ወጣች፤ ዜናው በዚያው ቀረ። ከዚያን ቀን ወዲህ ጥሪ ሲደርሰኝ ደውዬ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስንት ሰዓት?» እላለሁ። እናንተም ደውሉ።

ሦስተኛ፦ ማንም ሳይቀጥራችሁ አንድ ዘገባ ሥሩ

ስልካችሁ ይበቃል። ሜክሲኮ አደባባይ ከምሽቱ 11 ሰዓት ተኩል ሂዱ። የጀሞ ታክሲ ሰልፍ ጋ ቁሙ። መጀመሪያ ስልካችሁን ኪስ ውስጥ አድርጉና ተሰለፉ። አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ዝም ብላችሁ እዩ። ማን ይደክመዋል? ማን ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል? ማን ቦታ ይይዛል ለማን?

ከዚያ አንድ ሰው ምረጡና ራሳችሁን አስተዋውቁ። ማን እንደሆናችሁ፣ ምን እንደምትሠሩ፣ የት እንደምታወጡት በግልጽ ንገሩ። ትልቅ ሰው ከሆኑ «እናቴ»፣ «አባቴ» ወይም «ጋሼ» ብላችሁ በአንቱታ አነጋግሯቸው። ፈቃድ ካልሰጡ አመስግናችሁ እለፉ።

አሁን ጥያቄው። «ስለ ትራንስፖርት ችግር ምን ይላሉ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ «ችግሩ ከባድ ነው፣ የሚመለከተው አካል መፍትሔ ይስጠን» ነው። ሰዎቹ ቴሌቪዥን ላይ የሰሙትን ነው የሚመልሱላችሁ። ይልቅ «ስንት ሰዓት ነው የተሰለፉት?» በሏቸው። «ትናንትስ ስንት ሰዓት ቤት ገቡ?» «ቤት ማን ይጠብቅዎታል?» ይኼኔ አንዲት እናት «ልጄ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ጎረቤት ቤት ነው የሚቆየኝ፤ ትናንት ስደርስ እንቅልፍ ወስዶት ነበር» ሊሉ ይችላሉ። ዜናችሁን አገኛችሁ። ስማቸውንና ስልካቸውን ማስታወሻችሁ ላይ ጻፉ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ስትቀርጹ ስልኩን ወደ ጎን ያዙት። ከሩቅ አንድ፣ ከመካከል አንድ፣ ከቅርብ ብዙ አንሱ። አንዱን ምስል ከጀመራችሁ አሥር ሰከንድ ሳትነቃነቁ ቆዩ፤ ጀማሪ ሁሉ ካሜራውን እንደ መጥረጊያ ወዲያና ወዲህ ያደርጋል። ሰልፉ አንድ እርምጃ ሲንቀሳቀስ እግሮቹን ቅረጹ። ብር የሚቆጥር እጅ፣ በፌስታል የተንጠለጠለ ዳቦ፣ በሩ ሲዘጋ ውጪ የቀረች ልጅ ፊት። ረዳቱ «ጀሞ! ጀሞ!» ሲል ማንም ሳይናገር ያንን ድምፅ ብቻ ቅዱ። ቃለ መጠይቁን ግን ከሞተር ድምፅ ራቅ ብላችሁ አድርጉ፤ የጆሮ ማዳመጫችሁን ማይክ ወደ አፋቸው አስጠጉ። ቀን ላይ ከሆነ 6 ሰዓት አካባቢ የፊት ቀረጻ ባታደርጉ ይሻላል። ፀሐይዋ ከአናት ስለምትመጣ ዓይን ጥላ ውስጥ ይገባል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፤ በአራት ኪሎ ቤተ መንግሥት ዙሪያ፣ በወታደራዊና በጸጥታ ተቋማት አጠገብ ስልካችሁን አንስታችሁ አትቅረጹ። ለልምምድ የሚሆን ቦታ ሞልቷል።

ሌላው ወገን ይቀራል። ስለ ትራንስፖርቱ የሚጠየቅ መሥሪያ ቤት አለ። ሂዱ። ሕዝብ ግንኙነቱ «ደብዳቤ አምጡ» ይላችኋል፤ ስለዚህ ከትምህርት ቤታችሁ የድጋፍ ደብዳቤ አስቀድማችሁ አጽፉ። ደብዳቤ የሚያጽፋችሁ ከሌለ ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አስገቡና ቀኑን መዝግቡ። መልስ ካልመጣ ዘገባው ላይ መቼ እንደጠየቃችሁና መልስ እንዳላገኛችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። መክሰስ አያስፈልግም፤ የሆነውን መናገር በቂ ነው።

ስክሪፕቱን ከመጻፋችሁ በፊት ምስሉን ሁሉ ተመልከቱ። ከዚያ ጻፉ። አንድ ደቂቃ ተኩል ይበቃል። ምስሉ የሚናገረውን ቃላችሁ አይድገመው፤ ሰልፍ እያሳያችሁ «ረጅም ሰልፍ ይታያል» አትበሉ። እናትየዋ ሰልፍ ላይ ስንተኛ ሰዓታቸው እንደሆነ ንገሩን። ድምፃችሁን የምትቀዱበት ጸጥ ያለ ክፍል ካጣችሁ ብርድ ልብስ ደራርባችሁ ውስጡ ቅዱ፤ እኔ ያየኋቸው ብዙ ልጆች እንደዚያ ነው የጀመሩት፤ ድምፁም ጥሩ ይወጣል።

እንዲህ ያሉ ሦስት ዘገባዎች ይኑሯችሁ። አንድ ስለ ሰፈር፣ አንድ ስለ ገንዘብ፣ አንድ ስለምትወዱት ነገር።

አራተኛ፦ ሕጉንና ሥነ ምግባሩን እወቁ

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 የፕሬስ ነፃነትን ያረጋግጣል፤ ቅድመ ምርመራንም (ሳንሱርን) ይከለክላል። አንብቡት። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 አለ፤ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። ሁለቱም በነጋሪት ጋዜጣ የወጡ ናቸው። ሰው ሲነግራችሁ ከመስማት ጽሑፉን ራሳችሁ ማየት ይሻላል፤ መብታችሁንም ግዴታችሁንም ታውቃላችሁ።

የፍርድ ቤት ዜና ስትሠሩ ሦስት ቃላት አታምታቱ፤ ተጠርጣሪ፣ ተከሳሽ፣ ጥፋተኛ። ሰው በፍርድ ቤት ጥፋተኛ እስካልተባለ ድረስ ንጹሕ ሆኖ የመቆጠር መብት አለው፤ ይህም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ ተጽፏል። ልደታ በር ላይ በካቴና የታየ ሰው ፊት አንድ ጊዜ በቴሌቪዥን ከወጣ ኋላ ነፃ ቢባልም ሰፈሩ ያንን ምስል ነው የሚያስታውሰው። እባካችሁ ተጠንቀቁ።

ስለ አበልም ልናገር። ስብሰባ ላይ ለጋዜጠኛ ገንዘብ ያለበት ፖስታ የሚያድሉ አሉ። አዲስ ልጅ ይቸገራል፤ ሁሉም ሲቀበል «እኔ ማነኝ» ይላል። አትቀበሉ። ከከተማ ውጪ ጥሪ ሆኖ ጠሪው ትራንስፖርትና ማደሪያ ከቻለ ለአዘጋጃችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ውሳኔው የጣቢያው ይሁን። ፖስታውን ከተቀበላችሁ በኋላ ያንን ሰው ደስ የማይለው ጥያቄ መጠየቅ እንዴት እንደሚከብድ በዓይኔ አይቻለሁ።

አምስተኛ፦ ሥራ መፈለግ

አራት ኪሎ የማስታወቂያ ሰሌዳዎቹን ታውቋቸዋላችሁ። የአዲስ ዘመንና የሪፖርተር ጋዜጣ የሥራ ገጾችም፣ የጣቢያዎቹ የራሳቸው ገጾችም አሉ። ነገር ግን ማስታወቂያ ብቻ አትጠብቁ። ተማሪ ሳላችሁ ለተግባር ልምምድ ግቡ። የተግባር ልምምድ ማለት ሻይ እያመጡ መቆየት አይደለም፤ በየቀኑ አንድ የዜና ሐሳብ ይዛችሁ ጠዋት ስብሰባ ላይ መገኘት ነው። አሥር ሐሳብ ይወድቃል፤ አሥራ አንደኛው «እስቲ ሂጂ ሥሪው» ያሰኛል።

ፈተናው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነው። አንዱ የጽሑፍ ነው፤ ረጅም መግለጫ ይሰጣችሁና በአጭሩ ዜና አድርጉት ትባላላችሁ፤ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ትርጉምም አይጠፋም። ሌላው በካሜራ ፊት ማንበብ ነው። ለጽሑፉ ወረቀቱን ከላይ እንደተጻፈ አትገልብጡ፤ ዜናው ብዙ ጊዜ አራተኛው አንቀጽ ውስጥ ተደብቋል። ለካሜራው አንድ ወጥ ቀለም ያለው ልብስ ልበሱ፤ ጥቃቅን መስመር ያለው ሸሚዝ ምስሉን ያርገበግበዋል። ሌላ ሰው አትምሰሉ። የታወቀ አንባቢ ድምፅ የሚኮርጅ ልጅ በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ይታወቃል።

ደመወዙ ለጀማሪ ትንሽ ነው። መሐል ከተማ ቤት ተከራይቶ መኖር ስለማያስችል ጓደኛ ፈልጋችሁ ተጋሩ፤ ወይም ከቤተሰብ ጋር ቆዩ።

ስድስተኛ፦ የመጀመሪያው ዓመት

ካሜራማናችሁን አክብሩ። ሹፌሩንም፣ ቪዲዮ ኤዲተሩንም። መኪና ውስጥ ስትገቡ ስልካችሁን አስቀምጡና ስለምትሄዱበት ጉዳይ ለካሜራማኑ ንገሩት። ምን እንደምትፈልጉ ያላወቀ ሰው መድረኩንና አበባውን ቀርጾ ይመጣል።

ምስል ምን ማድረግ እንደሚችል ማወቅ ከፈለጋችሁ የመሐመድ አሚንን ታሪክ አንብቡ። ኬንያዊ ካሜራማን ነበር። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ከቢቢሲው ማይክል በርክ ጋር ኮረም ሄዶ የቀረጸው የረሃቡ ምስል ዓለምን ቀሰቀሰ። በ1983 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ እየቀረጸ አንድ እጁን አጣ፤ የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ ሕይወቱ አለፈ። አሚን በሰው ሠራሽ እጅ ካሜራውን መልሶ ያዘ። በኅዳር 1989 ዓ.ም. በተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሞተ። እኛ አብረናቸው የምንወጣው ካሜራማኖች የዚህ ሙያ ልጆች ናቸው።

መግለጫ ላይ ቀድማችሁ ድረሱ፤ ማይካችሁን አስቀምጡና ወረቀቱን አንብቡ። ሁለት ጥያቄ ጻፉ። መግለጫው ሲያልቅ ሁሉም ማይኩን ነቅሎ ይሮጣል። እናንተ አምስት ደቂቃ ቆዩ። መድረክ ላይ ያልተናገረውን የሚናገር ባለሙያ ብዙ ጊዜ የኋላ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው።

ስትሳሳቱ ሌላ ሰው ከማየቱ በፊት ለአዘጋጃችሁ ራሳችሁ ንገሩ። በዚያው ምሽት ይታረማል።

ሰባተኛ፦ የራሳችሁ ዘርፍ ይኑራችሁ

ከዓመት በኋላ «ይህን ጉዳይ ለእሷ» የሚያሰኝ ነገር ያዙ። ፓርላማ ከሆነ የሥራ ዘመኑ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ይከፈታል፤ እስከ ሰኔ 30 ይቀጥላል። ትልቁን ስብሰባ ሁሉም ይዘግበዋል፤ እናንተ ቋሚ ኮሚቴዎቹን ተከታተሉ። የኦዲት ሪፖርት የሚቀርብበትን ቀን ካሌንደራችሁ ላይ አክብቡ። ፍርድ ቤት ከሆነ ቀጠሮ መዝግቡ፤ ዜናው በቀጠሮ ነው የሚኖረው። የአፍሪካ ኅብረትና ካዛንቺስ ያለው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ከሆነ እንግሊዝኛችሁን አጠንክሩ፤ ፈረንሳይኛ ከጨመራችሁ ደግሞ ብዙ ባልደረቦቻችሁ የማያገኙትን ሰው ታገኛላችሁ።

የሰዎቻችሁን ስልክ በወረቀትም ያዙ። ስልክ ይጠፋል። ለዜና ስትፈልጓቸው ብቻ አትደውሉ፤ በበዓል «እንኳን አደረሳችሁ» በሉ።

ስምንተኛ፦ ወንበሯ

መሰላሉ በየጣቢያው ስሙ ይለያያል እንጂ ጀማሪ ሪፖርተር፣ ሪፖርተር፣ ከፍተኛ ሪፖርተር፣ አዘጋጅ፣ ዋና አዘጋጅ እያለ ይሄዳል። ዜና አንባቢነት በዚህ መሐል ይመጣል። ሜዳ ላይ የቆየ ሰው ሲያነብ ይታወቃል። ቴሌፕሮምፕተሩ (የሚነበበውን ጽሑፍ ካሜራው ላይ የሚያሳየው መሣሪያ) ሲቆም አይደነግጥም፤ ነገሩን ያውቀዋልና ወረቀቱን አይቶ ይቀጥላል። ስለዚህ ወንበሩ በስድስት ወር ቢሰጣችሁም በሳምንት አንድ ቀን ውጡ ብዬ እለምናችኋለሁ። አዘጋጅነትም ቢመጣ እንዲሁ።

የሠራችሁትን ሁሉ ቅጂ ያዙ፤ ቀኑን፣ ርዕሱን፣ ያነጋገራችሁትን ሰው ጻፉበት። ዓመት ሲሞላችሁ የመጀመሪያውን አውጡና እዩት። ከዚያ ማስታወሻችሁን ገልጡና ሜክሲኮ ላይ ላገኛችኋቸው እናት ደውሉ። ማን እንደሆናችሁ አስታውሷቸው። አሁን ስንት ሰዓት ቤት እንደሚገቡ ጠይቋቸው።